የሶልያና ጓዳ

ምላሶቹ ቤታችን የገቡት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሦስት ናቸው። መጠናቸው መዳፍ ያክላል፤ መልካቸው የተላጠ ድንች ይመስላል። ግድግዳ ላይ ይወጣሉ፣ ይልሳሉ፣ ጥቂት ያርፋሉ፣ እንደገና ይልሳሉ። ባለፉበት ሁሉ እርጥብ መስመር ይቀራል። መስመሩን መጥረግ ክልክል ነው።

ያመጧቸው ሰው አቶ ናኦል ቀጀላ ይባላሉ። የትዝታ ቤቶች ምዘና መሥሪያ ቤት መዛኝ ናቸው። ንጹሕ ሰው ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው ጫማቸው ላይ ስስ ላስቲክ አጠለቁ። ቤቴን እንዳያቆሽሹ የተጨነቁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ኋላ ሲወጡ ግን ላስቲኩን በጥንቃቄ አውልቀው ከረጢት ውስጥ ሲያስሩት አየሁ። ለካ የሚሳሱት ለቤቴ ቆሻሻ ኖሯል።

"ጠርገዋል?" ነበር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው።

"አልጠረግኩም። አትጥረጊ ተብዬ የለ።"

"ከተነገረዎት ጀምሮ?"

"ከተነገረኝ ጀምሮ።"

"ጎበዝ።"

ጎበዝ ሲሉኝ አፈርኩ። እንግዳ እንደሚመጣ እያወቅሁ ቤቴን ሳልጠርግ ስቀር የመጀመሪያዬ ነው። መጥረጊያውን እያነሳሁ መልሼ ሳስቀምጥ ነው የከረምኩት። ጥጋጥጉን የሸረሪት ድር ሞልቶታል። አልጋው ሥር ያለው አቧራ ወፍሮ የድመት ቆዳ መስሏል።

ቤታችን ደሴ ውስጥ ከቀሩት ጥቂት የጭቃ ቤቶች አንዱ ነው። ዙሪያችንን ነጫጭ ሕንፃዎች ናቸው፤ መስኮታቸው አይከፈትም፣ ግድግዳቸው ሥዕል ያሳያል። ሠዓሊት ሶልያና ጥላዬ የተወለደችውና ያደገችው እኛ ቤት ውስጥ ነው። ቤተሰቧ ለቅቆ ሲሄድ እናቴ ተከራይታ ገባችበት፤ እኔን ወለደችበት። እኔም ልጄን ኖላዊትን ወለድኩበት። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን።

ሶልያና ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏል። ሆኖም በየሳምንቱ ሐሙስ አዲስ ሥዕል ታወጣለች። ሐሙስ ከሰዓት ሰው ሥራውን አቁሞ ወደ ሕንፃዎቹ አንጋጦ ይጠብቃል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን ሥዕሎቿ ደበዘዙ። ጎመን፣ ወንበር፣ እንደገና ጎመን። ሰዉ አጉረመረመ። መሥሪያ ቤቱ፣ ሠዓሊቷ ከምንጯ ርቃለች አለ። ምንጯ ማለት እንግዲህ የእኛ ቤት ነው፤ ምላሶቹ የቀመሱት ሁሉ ወደ እሷ ይሄዳል፣ ከዚያ ነው የምትሥለው።

የምዘናው ውጤት ከሦስት አንዱ ነው የሚሆነው። ቤቱ ትርጉም የለውም ከተባለ ይፈርሳል፤ እኛም ቆላ ወዳለው አዲስ ሰፈር እንጫናለን። ትርጉሙ ከፍተኛ ነው ከተባለ ሙዚየም ይሆናል፤ ያን ጊዜም እንጫናለን። መካከለኛ ከተባለ ግን ሕያው ቤት ይሆናል፣ ነዋሪው እንደኖረ ይኖራል። ሌላ እናት ልጇ አንደኛ እንድትወጣ ትሳላለች። እኔ መካከለኛ እንድንሆን ተሳልኩ።

ቆላው ላይ ሰው ቀን ይተኛል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይነሳል። ልጆች የሚማሩት በመብራት ነው። እኔ ደግሞ ክፉ ነገር ቶሎ ይታየኛል። ኖላዊት ትንሽ ስታስል ሳንባዋን አስባለሁ። ከትምህርት ቤት ስትዘገይ ምን ለብሳ እንደወጣች ለፖሊስ እንዴት እንደምናገር በልቤ እደረድራለሁ። ቆላውን ሳስብ የምትታየኝ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተኝታ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነው። ከዚህ ሌላ መልክ ሰጥቼው አላውቅም።

ስለዚህ አቶ ናኦል ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ።

ረቡዕ ዕለት ከምድጃው ሥር በረሮ ወጣ። ጫማዬን አወለቅሁ።

"ይተዉት" አሉ አቶ ናኦል።

"በረሮ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። ዘር ማንዘሩ እዚሁ ነው የኖረው። አያቶቹ የሶልያናን ፍርፋሪ ሳይበሉ አልቀሩም።"

በረሮው በሰላም ወደ ዳቦው ሄደ።

በማግስቱ ከጓሮ የድሮውን የሽንት ቤት ጉድጓድ አስከፈቱ። እናቴ በሕይወት ሳለች ደፍናው ጎመን ተክላበት ነበር። ሠራተኞቹ ጎመኑን ነቅለው ወረወሩት፤ ከሥር ያወጡትን በጠርሙስ እየሞሉ ደጃፌ ላይ ደረደሩት። አቶ ናኦል አንዱን ከፈቱና አፍንጫቸውን አስጠግተው ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ሰው ሽቶ ሲመርጥ እንደሚያደርገው። ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብለው መለሱት። እኔ ያን ዕለት ምሳ መብላት አልቻልኩም። ኖላዊት በላች። ልጆች ሁሉን ቶሎ ይለምዳሉ፤ ይህም ያስፈራኛል።

በአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ ጠቆር ያለ ክብ አለ። እናቴ በታመመችበት ዓመት ተደግፋው ትውል ስለነበር የፀጉሯ ቅባት የሠራው ነው። አንዱ ምላስ ደረሰበት፣ ቀመሰው፣ ዞሮ ሄደ።

"የማን ነው?" አሉ አቶ ናኦል።

"የእናቴ።"

"እሺ። ብክለት ነው።" በትሕትና ነው ያሉት። "ከሶልያና በኋላ ያለውን ሁሉ እኛ ብክለት እንለዋለን። አይቀየሙ፣ የሥራ ቋንቋ ነው።"

"እኔስ?"

"እርስዎም" አሉና ፈገግ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ኖላዊትን ልቀሰቅስ ስገባ ምላስ ግንባሯ ላይ ነበር። ከፀጉሯ ሥር ጀምሮ ወደ ዐይኗ ቆብ እየወረደ ነው። ልጄ ገና መራመድ ስትጀምር ወድቃ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ቀርቷታል። ምላሱ ጠባሳዋ ላይ ሲደርስ ቆመና ደጋገመው፤ ጥሞታል። መንጭቄ ወረወርኩት። እጄ ላይ የቀረው ነገር የቀዘቀዘ አጥሚት ይመስላል። በሳሙና ታጠብኩ፣ በሎሚ አሸሁት። ስሜቱ ግን አልለቀቀኝም።

"ይኮረኩራል" አለች ኖላዊት፣ ዐይኗን ሳትገልጥ።

አቶ ናኦልን ደጅ ላይ ጠብቄ ነገርኳቸው።

"ስሕተት ነው" አሉ። "ትኩስ ቆዳ ይስባቸዋል። ከእሷ የቀመሰውን እንጥለዋለን።"

አመንኳቸው።

ቀጥሎ ምስክር ተፈለገ። ሶልያናን በልጅነቷ የሚያውቅ በሕይወት የቀረ ሰው ጎረቤቴ እትዬ ዘምዘም ብቻ ናቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ነው። የተጠሩ ዕለት አዲሱን ሻሻቸውን አስረው፣ ለዓረፋ የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው መጡ። ሲገቡ ጆሮዬ ሥር፣ "አታስቢ ማሕደርዬ፣ ዛሬ ይህን ቤት አስከብርልሻለሁ" አሉኝ።

"የሶልያና እናት እንዴት ያለች ሴት ነበረች?" ሲሉ ጠየቁ አቶ ናኦል።

"እናቷማ እናት ነበረች። ልጇን በሥርዓት ነው ያሳደገቻት። እንደ ዛሬዎቹ አይደለም።" ይህን ሲሉ እኔን አዩኝ።

"በሥርዓት ሲሉ?"

"ስታጠፋ ትቀጣታለቻ። ጓዳ ከታ በርበሬ ታጥናት ነበር። ዐይኗ ቲማቲም መስሎ ነው የምትወጣው። ታዲያ ሰው አልሆነችም?"

በእኛ ሰፈር ይህ ምስጋና ነው። ስለሞተች እናት ልጇን አሞላቀቀች ከሚባል በርበሬ አጠነች ቢባል ይሻላል። ስለሞተ ጎረቤት የተጠየቀ ሰው ደግሞ መልካም ነው የሚለውን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እኔ ይህን አውቃለሁ። አቶ ናኦል አያውቁም።

ተነሥተው ወደ ጓዳ ሮጡ። የጓዳው ኮርኒስ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነው፤ እናቴም እኔም ቀይረነው አናውቅም። ሦስቱም ምላሶች ወደ ላይ ወጡ። አንዱ ሲልስ ቆይቶ ተንቀጠቀጠና መሬት ላይ ዱብ አለ። ቀልቷል፣ አብጧል። አቶ ናኦል ተንበርክከው በሁለት እጃቸው አነሱትና ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ከዐይናቸው እንባ ወረደ።

"አለ" አሉ። "በርበሬው እስከ ዛሬ አለ።"

እትዬ ዘምዘም በኩራት ጎኔን በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

በዚያ ሐሙስ ሶልያና ጎመን አልሣለችም። በከተማው ግድግዳ ሁሉ ላይ ቀይ ጭስ ተነሣ። በጭሱ መሐል ፊት የሌላቸው ሁለት ዐይኖች ነበሩ፤ እንባቸው ከሕንፃው አናት እስከ በረንዳው ይወርዳል። መኪኖች ቆሙ። ሰዉ አለቀሰ፤ ደስ ብሎት ነው ያለቀሰው። አጠገቤ የቆመች ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ "ተመለሰችልን" አለችኝ። እኔ ዐይኖቹን ማየት አልቻልኩም። ከዚያ ሕዝብ መሐል ቶሎ ለመውጣት ፈለግሁ። የሁሉም ከንፈር ረጥቧል።

ሰኞ አቶ ናኦል ውጤቱን ይዘው መጡ።

"መካከለኛ" አሉ። "ሕያው ቤት። እንኳን ደስ ያለዎት።"

እልል ልል አፌን ከፈትኩ። እጃቸውን አነሱ።

"ሕያው ቤት ሲባል ታዲያ ሕይወቱ መቀጠል አለበት። ኮርኒሱ እየተላሰ ያልቃል። ኖላዊት ዘጠኝ ዓመቷ ነው አይደል?"

"ነው" አልኩ። ልቤ ከእኔ ቀድሞ አወቀ።

"በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ረቡዕ። እሷ ጓዳ ትገባለች፤ እርስዎ ጥቂት በርበሬ ፍም ላይ ያደርጋሉ። የምታጥናት እናቷ መሆን አለባት። በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ጣዕሙ ይለያል። ምላሶቹ ዙሪያውን ይሆናሉ። ሐሙስ ሶልያና ትሥላለች።"

"የእርስዎን ልጅ ለምን አያጥኑም?"

አልተቆጡም። "የእኔ ልጅ የምትኖረው ትርጉም በሌለው ቤት ነው" አሉ። እውነትም ያዘኑ መሰሉ። "ሐኪም ይቆማል። በርበሬው ተለክቶ ነው የሚመጣው። ከተማው ሁሉ ያመሰግናችኋል።"

"እምቢ ብልስ?"

"እምቢ ካሉ ቤቱ ሕያው አይደለም ማለት ነው። ይፈርሳል። ረቡዕ ጠዋት እንመጣለን።"

እሳቸው እንደወጡ እትዬ ዘምዘም ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

"እትዬ፣ የሶልያና እናት እውነት ልጇን ታጥናት ነበር?"

"ማን፣ እሷ?" ሳቁ። "ኧረ እሷ ዝንብ አትገድልም። በርበሬ ሻጭ አልነበረች? ጓዳ ውስጥ ታምሰዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ሰፈሩ በሙሉ ያስነጥሳል። ሶልያና እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ እያስነጠሰች ትስቃለች። ባስነጠሰች ቁጥር እናትየዋ 'ይማርሽ፣ እመቤቴ' ትላታለች፤ ያን ለመስማት ሆን ብላ ታስነጥሳለች ያቺ ቀበጥ።"

"ታዲያ ምነው እንደዚያ አሉ?"

"የሞተች ሴት ስም ላስጠራ ብዬ ነዋ። ያን የሚያህል ሰውዬ ቁጭ ብሎ ሲጠይቀኝ አሞላቀቀቻት ልበል?"

የሆነውን ስነግራቸው ሳቃቸው ቆመ። ምርኩዛቸውን አነሱና፣ "ውሰጂኝ" አሉ። ወሰድኳቸው። አቶ ናኦል ቢሯቸው ውስጥ ወንበር አቅርበው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ አዳመጧቸው።

"ደስ የሚል ታሪክ ነው" አሉ። "ሳቅ ግን ሞክረናል። ሳቅ ስንሰጣት የሣለችው ጎመን ነው።"

"እውነቱ ይኸው ነው እኮ ልጄ" አሉ እትዬ ዘምዘም። "በአላህ እምላለሁ።"

"ሐሙስ ዕለት ሰዉን አላዩትም?" አሉ አቶ ናኦል፤ ለማስረዳት ይህ የሚበቃ መስሏቸው በሩን ከፈቱልን።

ቤት ስመለስ ኖላዊት ክፍላችን ውስጥ የለችም። ጓዳውን ከፈትኩ። ጨለማው ውስጥ ቆማ፣ የተከፈለ ሽንኩርት ዐይኗ ሥር ይዛለች። ምላስ ከትከሻዋ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየተለማመድኩ። እማ፣ እችላለሁ። አያምም፣ ትንሽ ነው የሚያቃጥለው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ሰውዬው። ትምህርት ቤት መጥቶ።" ሽንኩርቱን ከዐይኗ አራቀችው። "ቆላ እንዳንሄድ ነው እኮ። አንቺ ቆላን ትፈሪያለሽ።"

ሽንኩርቱን ቀማኋት። አፌ ውስጥ እንደ በሰበሰ ውኃ ያለ ነገር መጣብኝ፤ ጓሮ ወጥቼ ተፋሁት። ቀና ስል ሁለተኛው ምላስ ግድግዳው ላይ ሆኖ ወደ ተፋሁበት ሲወርድ አየሁ።

ረቡዕ ጠዋት መጡ። አቶ ናኦል በርበሬውን በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ ይዘዋል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ነጭ ጋዋኑ አዲስ ነው። ፍም ያለበት ማንደጃ ራሳቸው ይዘው መጥተው ጓዳው ደጃፍ ላይ አስቀመጡ። ኖላዊት የበዓል ልብሷን ለብሳለች። እኔ አላለበስኳትም።

"ዝግጁ ነዎት?" አሉ አቶ ናኦል።

"ዝግጁ ነኝ" አልኩና መጥረጊያውን አነሳሁ።

ከአልጋው ሥር ጀመርኩ። ያን የመሰለ አቧራ ጠርጌ አላውቅም። የሸረሪቱን ድር አወረድኩ። በረሮው ሲሮጥ በጫማዬ አገኘሁት። የምላሶቹን መስመር በእርጥብ ጨርቅ ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ ጠረግሁ፤ የእናቴን ክብ ብቻ ዘለልኩት። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቼ የጓዳውን ኮርኒስ ሳብኩት። አንድ ላይ መጣ፤ ከነአቧራው፣ ከነአይጥ ጎጆው፣ ከነተለጠፈበት ምላስ። በሳፋ ነክሬ በረኪናውን ከነጠርሙሱ ገለበጥኩበት።

ማንም አልከለከለኝም። ሐኪሙ መሬት መሬት ያያል። የበረኪናው ሽታ ሲደርሳቸው አቶ ናኦል ፊታቸው ተጨማደደ፣ በመሐረብ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። በዚያ ቤት ውስጥ ሲጸየፉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ቤቱ ሕያው አይደለም" አሉ ከመሐረቡ ሥር።

"አይደለም" አልኩ።

ሐሙስ ከሰዓት መናኸሪያ ነበርን። እትዬ ዘምዘም ሊሸኙን መጥተው በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳሙና እጄ ላይ አኖሩ። "እዚያ አይገኝም አሉ" አሉኝ። ኖላዊትን ስመው ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ተመለሱ። ወደ ቆላ የሚሄደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቷል። ኖላዊት የዕቃችን ከረጢት ላይ ተቀምጣለች። አልተቀየመችኝም። ትንሽ ያፈረችብኝ ግን ይመስለኛል።

የመናኸሪያው ግድግዳ በራ። ሰዉ አንጋጠጠ። መጀመሪያ ቀዩ ጭስ መጣ፣ ከዚያ ሁለቱ ዐይኖች፣ ከዚያ በዐይኖቹ ዙሪያ ቀስ እያለ ፊት። የልጅ ፊት ነው። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ።

ይጥሉታል ብዬ አምኜ ነበር።

"እማ፣ እኔ ነኝ" አለች ኖላዊት። ሰዉ ዞሮ አያት፣ ግድግዳውን አየ፣ እንደገና አያት። "አሳምራኛለች አይደል?"

ቅርጫት የያዘች ሴት መጣችና ጎንበስ ብላ የልጄን ጉንጭ በጣቷ ጫፍ ነካች። ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችው። ከኋላዋ ሌላ ሰው ተጠጋ።

የኖላዊትን እጅ ይዤ ወደ ቧንቧው ጎተትኳት። ሳሙናውን ከጋዜጣው አወጣሁ። ግንባሯን አጠብኩ፣ ቅንድቧን አጠብኩ፣ የዐይኗን ቆብ አጠብኩ። ምላሱ ያለፈበትን መንገድ ሁሉ አውቀዋለሁ።

"እማ በቃ።"

"ዝም በይ። ይለቃል።"

"እማ፣ ዐይኔን።"

ልታመልጠኝ ስትል አንገቷን ያዝኳትና ደገምኩት። ጮኸች። ውኃ አፈሰስኩባትና ፊቷን ቀና አደረግሁት። ዐይኖቿ ቲማቲም መስለዋል፤ እንባዋ በሳሙናው አረፋ መሐል እየወረደ ነው።

ዞር አልኩ። ሰዉ ግድግዳውን ትቶ እኛን ያያል። ከቧንቧው በላይ፣ እርጥቡ ግንብ ላይ፣ የተላጠ ድንች የመሰለ ነገር ቀስ እያለ ወደ እኛ ይወርዳል።